እሳት ዳር ያደረው ማዳበሪያ

አባቴ የሚሳሳለትን ነገር እሳት ዳር ያስተኛል። ክረምት ላይ የተወለደ የፍየል ግልገል ከምድጃው አጠገብ ጆንያ ተነጥፎለት ያድራል። ዝናብ የመታው ጫጩት በአባቴ እፍኝ ተይዞ ወደ ትኩሱ አመድ ይጠጋል። እኔም ታናሽ እህቴም በልጅነታችን ብርድ ሲያመን የምንተኛው እዚያው ነበር። ነፍስ ያለው ሁሉ ሙቀት ይሻል ብሎ ያምናል፤ ግልገሎቹም፣ ጫጩቶቹም፣ እኛም ተርፈን ስላየ ማን ተሳስተሃል ይለዋል? ስለዚያ ማዳበሪያ ስጽፍ ከዚህ የምጀምረው ሰው ቶሎ እንዳይስቅበት ብዬ ነው።

ቤታችን ከሐይቅ ከተማ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፓልቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ከማሳችን ቆሞ ወደ ታች ለሚያይ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ተኝቶ ይታያል። ከዳር ያሉት በሞተር እየሳቡ ሽንኩርት ያጠጣሉ። እኛ ጋ ግን ውሃው አይወጣም። “ለኛ የደረሰን ማየቱ ነው” ትላለች እናቴ። እውነቷን ነው። ያን ሁሉ ውሃ እያየን መሬታችን ይሰነጠቃል።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ዘግይቶ ገባ። ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ደርቆ ቀረ። አባቴ ጥቂት ጠበቀና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ማሽላውን ገልብጦ አረሰው። ሽምብራ ሊዘራ ነው። ሽምብራ ክረምቱ ሲወጣ መሬት ውስጥ ትቶት የሄደውን እርጥበት እየጠጣ የሚያድግ እህል ነው። የኛ መሬት ዋልካ ስለሆነ ውሃ ይይዛል። ግን ከኔ ልደት ወዲህ ማሽላና ጤፍ እንጂ ሽምብራ አይቶ አያውቅም።

የእህቴ ነገር የተንጠለጠለው በዚህ ሽምብራ ላይ ነበር። ትምህርት ቤት ዘግይታ ስለገባች ስምንተኛን ስትጨርስ ሙሉ ሴት ሆና ነበር። ዘጠነኛን ለመማር ሐይቅ ከተማ መቀመጥ አለባት። በሌላ በኩል ደግሞ ደላላው አለ፤ የጎረቤቶቻችንን ልጆች ተራ በተራ ወደ ዓረብ አገር የላከው ሰው። ቤታችን መጥቶ ከእናቴ ጋር ሁለቴ ተነጋግሯል። አባቴ አንድ ቀን ሁላችንም በተሰበሰብንበት ቃሉን ተናገረ። “ሽምብራው ከያዘ ትማራለች። እስከ እሸቱ ድረስ በእግሯ ትመላለስ፤ ከዚያ ቤት እንከራይላታለን።” ካልያዘስ አላለም። ማንም አልጠየቀውም።

እኔን ለዓረብ አገር ያሰበኝ የለም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። መምህሩ ስሜን ሲጠራ “አቤት” ለማለት ድምፄ አይወጣም ነበር፤ ብዙ ቀን ከክፍል እያለሁ እንደቀረሁ ተቆጥሬያለሁ። ደላላው መጀመሪያ የመጣ ዕለት አንገቴን ደፍቼ ውሃ ሳቀርብለት አየኝና፣ “ይቺማ ሰው ቤት ገብታ ውሃ ጠማኝ ማለትም አትችል” አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ዓይኑን ወደ እህቴ አዞረ።

ነሐሴ ውስጥ የግብርናው ልጅ ገበሬውን ሰበሰበ። ወጣት ነው፤ ስሙን ብናውቅም ሁላችንም “የግብርናው ልጅ” ነው የምንለው። እኔም ዘሩን ለመሸከም ከአባቴ ጋር ሄድኩ። ከሰው ኋላ፣ ከግራሩ ግንድ ጀርባ ተቀመጥኩ። ልጁ አንድ ትንሽ ከረጢት ቀዶ አሳየን። ውስጡ የደቀቀ ከሰል የመሰለ ጥቁር ዱቄት ነው።

“ይሄ ሕያው ማዳበሪያ ይባላል” አለ። “ውስጡ ባክቴሪያ አለ። ከሽምብራው ዘር ጋር ለውሳችሁ ስትዘሩት ሥሩ ላይ እባጭ እባጭ እያደረገ ቤት ይሠራል። ተክሉን ይመግበዋል። የተመገበ ተክል ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል፤ ዝናብ ቢያጥርበት ቶሎ እጁን አይሰጥም።”

ከኛ ማሳ ጋር ድንበር የምትጋራ ጎረቤታችን ከፊት ተቀምጣ ነበር። ባሏ የሞተባት ክርስቲያን ናት፤ የእናቴ ወዳጅ፤ እኛ ልጆቹ “እትዬ” ነው የምንላት። እጇን አወጣች።

“ባክቴሪያ አልክ? የጤናዋ ልጅ በየሳምንቱ እየመጣች እጃችሁን ታጠቡ የምትለን ከሱ አይደል?”

“ይሄ ደጉ ነው፣ እናቴ።”

“ደጉንና ክፉውን በምን ልለየው? በዓይን አይታይ!”

“መታወቂያ ጠይቂው!” አሉ ከጎኗ ያሉ ሽማግሌ፤ ሰዉ በሳቅ አውካካ።

“እሱስ ይሁን፤ እባጭ ያወጣል ሲል አልሰማችሁም? እባጭ ምን ጊዜ ነው ጤና የሆነው?”

የግብርናው ልጅም ሳቀና ከረጢቱን ከፍ አድርጎ ያዘ። “ሕያው ነገር መሆኑን እንዳትረሱ። ፀሐይ ይገድለዋል። ከፀሐይ ጠብቁት። ዘሩንም ጥላ ሥር ሆናችሁ ለውሱት።” ያለው ይህንኑ ነው። እኔ ሰው ፊት መናገር ስለማልችል የሰው ንግግር አይጠፋኝም፤ ስለ ፀሐይ እንጂ ስለ ሌላ ነገር አልተናገረም።

አንዱ ከረጢት ለኛም ለእሷም ማሳ ይበቃል ስለተባለ ለሁለት ተካፈሉት። ድርሻዋን በፌስታል ቋጥራ፣ ከሰውነቷ አርቃ፣ የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው በጫፉ አንጠልጥላ ሄደች። ቤቷም አላስገባችውም። ከጓሮ፣ ጌሾው ሥር፣ አፉ የተሸረፈ አሮጌ ማሰሮ ውስጥ ከታ በላዩ እርጥብ አፈር መለሰችበት። “ከምበላው ነገር ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አያድርም” አለች ለእናቴ፤ ከዚያ እጇን በሳሙና ታጠበች።

አባቴ ደግሞ በደስታ ሌላ ሰው ሆነ። መንገዱን ሙሉ ሲያወራ መጣ። “አየሽ ልጄ፣ ነፍስ ያለው ነገር ነው የሰጡን። እንዲያው ዱቄት እንዳይመስልሽ።” ቤት እንደገባን የእናቴን አሮጌ ነጠላ ቀዶ ጠቀለለውና ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ፣ ከዘር ቅሉ አጠገብ አኖረው። ነቀዝ እንዳይበላው ዘር የምናስቀምጠው እዚያ ጭሱ ውስጥ ነው። ከቤታችን የከበረው ቦታ እሱ ነው።

“አፈር ልታሞቅ ነው እንግዲህ?” አለችው እናቴ።

“አፈር አይደለም፤ ሕያው ነው። የነሐሴን ብርድ እንዴት ይችለዋል?”

“እንዲያ ከሆነ ወተትም እናጠጣው!”

እህቴ ሳቀች። አባቴ ግን የምሩን ነበር። ለዘር እስኪወጣ ድረስ ምሽት ላይ እሳት ስናነድ እጁን ሰዶ ይዳስሰው ነበር። ሞቆ ሲያገኘው “አልሐምዱሊላህ” ይላል።

የሁለቱንም ማሳ በአንድ ቀን ዘራን። ጎረቤታችን በሬ ስለሌላት ሁልጊዜም የሚያርስላት አባቴ ነው። ዱቄቱ ከዘሩ ጋር እንዲጣበቅ ስኳር በውሃ በጥብጠን፣ ቤታችን ጥላ ውስጥ ቁርበት ዘርግተን፣ የየራሳችንን ዘር በየራሳችን ድርሻ ለወስነው። ጎረቤታችን እጇን በፌስታል ጠቅልላ ነበር የምታማስለው። የእህቴ እጅ እስከ ክርኗ ጠቆረ። “ኩል የተኳለ ሽምብራ!” አለች። ያን ቀን ደመና ነበር፤ መሬቱ እግር ይይዝ ነበር። ሁሉም ነገር ደህና ይመስል ነበር።

ከዘራን በኋላ ጥቂት ዘነበልንና ሰማዩ ተዘጋ። መስከረም ሳያልቅ ዝናቡ ጭልጥ ብሎ ጠፋ። ወደ ግሸን የሚሄዱ ተሳላሚዎችን የጫኑ አውቶቡሶች ሲያልፉ፣ ሌላው ዓመት የመንገዱ ዳር ጭቃ ይሆን ነበር፤ በዚያ ዓመት አቧራው እስከ ማሳችን ወጣ። እስላሙ ሜዳ ወጥቶ ዱዓ አደረገ። ክርስቲያኑም በዚያው ሳምንት ምህላ ያዘ። “በሁለት በኩል እያንኳኳን ነው” አለች ጎረቤታችን ለእናቴ፤ “ማንኛውም በር ይከፈት፣ እኛ ለመግባቱ አንጣላም።” የትኛውም አልተከፈተም።

ሽምብራው ግን በቅሎ ነበር። ሁለቱም ማሳ አረንጓዴ ነበር። እህቴ ትምህርት ጀምራ በየቀኑ በእግሯ ትመላለሳለች። ስትመለስ ደብተሯን ሳታስቀምጥ በቀጥታ ወደ ማሳው ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስለ ባክቴሪያ እንደሚማሩ፣ መምህሯ በሰሌዳ ላይ እንደ ሩዝ ፍሬ አድርጎ እንደሳለላቸው ነገረችኝ። “ከሱ ውስጥ የኛው እንዳለበት ብነግረው፣ እታለም፣ ደነገጠ” አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር።

ጥቅምት ላይ የኛው ማሳ ከታች ቅጠሉ መወየብ ጀመረ። መጀመሪያ የፀሐዩ ነው አልን። ቀጥሎ ግን ድንበሩ በግልጽ ታየ። በኛና በጎረቤታችን መሬት መካከል የድንጋይ ረድፍ አለ። ከድንጋዩ ወዲያ አረንጓዴ፣ ከድንጋዩ ወዲህ የታመመ ሰው ፊት። መሬቱ አንድ፣ ያረሰው በሬ አንድ፣ የዘራው እጅ አንድ፣ ሰማዩም አንድ። የሷም ቢሆን ቀጥኗል፤ ቀትር ላይ አንገቱን ይደፋል፤ ሲመሽ ግን ቀና ይላል። የኛው እንደደፋ ነው የሚያድረው።

“የእትዬ ለምን አልወየበም?” አለችኝ እህቴ። እኔ ምን አውቃለሁ? ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርቷ ማውራት ተወች።

ሰው ግን ማውራት አልተወም። አንዱ ስለ ጎረቤታችን፣ ከግሸን ጠበል አምጥታ ማሳዋ ላይ ረጭታለች አለ። ሌላው ከዚህ የከፋ ተናገረ። አንድ ቀን ከመስጊድ ሲወጣ አንድ የሚያውቀው ሰው አባቴን፣ “አንተ ሰግደህ እሷ ተሳልማ፣ እንግዲህ የማን እንደተሰማ ማሳው እየተናገረ ነው” አለው። ቀልዱ ነበር። አባቴ ግን፣ “ጎረቤቴን በአፍህ አታንሳብኝ” ብሎት ጥሎት ሄደ። እሷም ሳትሰማ አልቀረችም። በደጃችን የሚያልፈውን መንገድ ትታ በገደሉ በኩል መዞር ጀመረች። ማሳዋን የምትጎበኘው እኛ በሌለንበት ሰዓት ሆነ፤ አረንጓዴው እንደሰረቀችው ዕቃ አሳፈራት።

የግብርናው ልጅ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ድንበሩ ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ አየ። እሷንም አስጠራት። ከሁለቱም ማሳ አንዳንድ ተክል በአካፋ ከነሥሩ አወጣና ከጀሪካን ውሃ አስፈስሶ አጠበው። እህቴም ትምህርት ቤት የሌለበት ቀን ስለነበር አጠገቤ ነበረች።

የኛው ሥር እንደ ክር ቀጭን ነው። አልፎ አልፎ ከሰናፍጭ የማይበልጥ ነገር ለጥፏል። የእሷ ሥር ግን ወፍሯል፤ ረዝሟል፤ በላዩም ዘለላ ዘለላ ሆኖ እባጩ ተንዠርግጓል። ልጁ ምላጭ አወጣና የእሷን አንዱን እባጭ ለሁለት ከፈለው። ውስጡ ቀይ ነው፤ እንደ ሕፃን ድድ።

“እየሠራ ነው ማለት ነው” አለ። “ቀይ ከሆነ ሕያው ነው።”

የኛን ከፈለው። ነጭ ነው። ውስጡ ምንም የለም።

“አባባ፣ ማዳበሪያውን የት ነበር ያስቀመጡት?”

“እንደ ልጄ ነው ያስቀመጥኩት” አለ አባቴ።

“ፀሐይ አግኝቶት ነበር?”

“ወላሂ፣ ፀሐይ አላየም። ከፀሐይ ጠብቁት አላልክም? ቆጥ ላይ ነው ያኖርኩት፤ ከምድጃው በላይ። ብርድ አልነካውም።”

ልጁ ከምላጩ ቀና አለ። “ከእሳቱ በላይ?”

“አዎ፣ ሞቆት ነበር።”

ጎረቤታችን ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። “እኔ እኮ የጣልኩት ነው፣” አለች ቀስ ብላ፤ “ፈርቼው ነው ጓሮ የጣልኩት። እርጥብ አፈር ያለበስኩት እንዳይሸተኝ ብዬ ነው።”

“እሱ ነው ያተረፈው፣ እናቴ። ሙቀት አይወድም። እዚህ መሬት ላይ ደግሞ ሽምብራ ተዘርቶ ስለማያውቅ ከአፈሩ ውስጥ የሚጠብቀው አልነበረም። ሁሉም ከከረጢቱ ነበር የሚመጣው።” ወደ አባቴ ዞረና አንገቱን ደፋ። “ድርቁን ያመጡት እርስዎ አይደሉም፣ አባባ። ይሄ ማዳበሪያ ድርቅ አያቆምም፤ ትንሽ ቀን ያስታግሳል እንጂ። እኔም ፀሐይ ብዬ ነው የተውኩት። እሳት አላልኩም።”

“ስንት ነፍስ ነበር ውስጡ?” አለ አባቴ።

“ኧረ ይሄ አይቆጠርም። አንድ እፍኙ ከዚህ አገር ሕዝብ ይበልጣል።”

አባቴ ሥሩን ከእጁ ተቀበለና አየው። ከዚያ ሰው ሲሞት የምንለውን አለ። “ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።” ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ እንስቅ ነበር። እህቴን አየኋት። እሷ ሥሩን አልነበረም የምታየው፤ አስፓልቱን ነበር።

ኅዳር ላይ የኛው ማሳ ቆሞ ደረቀ። ከብት ለቀቅንበት። ከጎረቤታችን ማሳ ብዙ አልተገኘም፤ ፍሬው ትንሽ ነበር፤ ባዶ የቀረ ቅርፊትም ነበረበት። ቢሆንም እሸት ሆነ። እህቴ የተዋሰቻቸውን መጻሕፍት ለትምህርት ቤቱ መልሳ መጣች። ሂጂ ያላት የለም፤ ቅሪ ለማለት አቅም ያለውም የለም። ለደላላው የደወለችው ራሷ ናት።

እናቴ ግን ለመነቻት። “አፈር ስሆንልሽ፣ ልጄ፣ ይቅርብን። አፈር ልሁንልሽ!”

“አፈር አትሁኚ እማ” አለች እህቴ ልብሷን እያጣጠፈች። “አፈር መሆን እንዲህ ቀላል አይደለም። አላየሽም?” ልታስቀን ፈልጋ ነበር። አባቴ ተነስቶ ወጣ።

የሄደችው በታኅሣሥ ነው፤ ማለዳ፣ ቅዝቃዜው ሳይለቅ። አስፓልቱ ዳር፣ ሌላ ዓመት እሸት አንጠልጥለን ለመንገደኛ የምንሸጥበት ቦታ ቆመን ሚኒባስ ጠበቅን። ሐይቁ ላይ ጉም ነበር። ጎረቤታችን በገደሉ በኩል ሳይሆን በኛ ደጅ በኩል መጣች። ክንዷ ላይ ከነሥሩ የተነቀለ የሽምብራ እሸት እቅፍ ይዛለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ፊት ለፊት ተያይተን አናውቅም።

“ለመንገድሽ ነው፣ የኔ አበባ” አለቻት። “እምቢ እንዳትዪኝ። የአባትሽ በሬ ያረሰው ነው።” ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። “እኔ መጣያ አጥቼ በጣልኩት…”

“አብሽሪ፣ እትዬ” አለች እህቴ። “አንቺ ምን አጠፋሽ?” እቅፉን ተቀበለቻት። አንዷን ተክል መዘዘችና ሥሯ ላይ የተጣበቀውን አፈር አራገፈች። ከእባጮቹ አንዱን በጥፍሯ ሰነጠቀችው። አውራ ጣቷ ቀላ። ጣቷን ወደ አባቴ ዘረጋችለት፤ ልጅ እያለች እጇን እሾህ ሲወጋት እንደምትዘረጋለት።

“ሕያው ነው፣ አባባ። እይ።”

አባቴ አየው። ሚኒባሱ መጥቶ ቆመ። “ደሴ! ደሴ! ቶሎ በሉ፣ ልቅሶውን እቤት ጨርሳችሁ አትመጡም?” አለ ረዳቱ። እህቴ የእሸቱን ሥር አንድ ላይ ይዛ ጠምዝዛ ቆረጠችው። ላዩን ይዛ ገባች፤ ሥሩን ለኔ ሰጠችኝ። የምናገረው ብዙ ነበረኝ። ድምፄ አልወጣም። እሷም ታውቀኛለች፤ በመስኮቱ እጇን አንዴ አነሳችልኝ።

መኪናው ከታጠፈ በኋላ አባቴ ሥሩን ከእጄ ወሰደው። ብርድ ነበር፤ ጋቢውን ገልጦ ብብቱ ውስጥ ሊሸጉጠው ጀመረ። እጁ እዚያ ሲደርስ ቆመ። አወጣው። እንዴት እንደሚይዘው ጠፋው። በመጨረሻ ከጎረቤታችን ጠርሙስ ውሃ ለመነና ነጠላዬን አርሶ ጠቀለለበት፤ ከሰውነቱም አርቆ፣ በፊት እሷ ፌስታሉን እንዳንጠለጠለችው፣ በጫፉ ይዞት ዳገቱን ወጣ።

ማሳችን ላይ በእጁ ቆፍሮ፣ “ለከርሞ ዘር ከአፈሩ ውስጥ የሚጠብቅ ይኑር” ብሎ ቀበረው። ፀሐይዋ ከተራራው ስትወጣ አላየኋትም ነበር፤ የነገረኝ የአባቴ ጥላ ነው። የቀበረበት ላይ ጥላው እንዲያርፍ አድርጎ ጀርባውን ለፀሐይዋ ሰጥቶ ቆመ። ከታች እናቴ ጠራችው። አልሄደም። ጥላው ሲያጥር ወደፊት እየተጠጋ፣ አፈሩ ላይ እያስተካከለው ቆየ።